ከአባባ መስኮት ሥር የቆመው መኪና

በአዳማ ከተማ ከእኔ የበለጠ መኪና የሚያውቅ ሰው የለም። ይህን የምለው በትሕትና ነው፤ ትሕትናውን ብተወው ከአዋሽ እስከ ሻሸመኔ የለም እል ነበር። መንጃ ፈቃድ ማሰልጠኛ ውስጥ ሃያ ዓመት አስተምሬአለሁ። መኪና በአጠገቤ ሲያልፍ በድምፁ ብቻ የትኛው ጎማ ንፋስ እንደጎደለው፣ ሹፌሩም ጠዋት ከሚስቱ ጋር ተጣልቶ እንደወጣ እናገራለሁ። የእሳት አደጋ መከላከል የሚለውን ትምህርት ሳስተምርማ ተማሪዎቼ ላብ ያልባቸው ነበር።

የራሴ መኪና ሲቃጠል ግን ከሰፈሩ ሰው ሁሉ መጨረሻ የሰማሁት እኔ ነኝ።

የተከራየሁት ቤት ግቢው መኪና አያስገባም። መንገድ ላይ ላሳድረው ብል ጠዋት የማገኘው ጥላውን ነው። ስለዚህ እንደ ብዙ የሰፈራችን ሰው ጎረቤት ግቢ ነበር የማቆመው። የግቢው ባለቤት ሁላችንም እማማ የምንላቸው፣ ከሰል ምድጃ ላይ ቆሎ ቆልተው በራቸው ላይ የሚሸጡ ሴት ናቸው። ባለቤታቸው አባባ ድሮ የጭነት መኪና ሹፌር ነበሩ፤ ግማሽ አካላቸው አልታዘዝ ካላቸው ሦስት ዓመት ሆኗል። አልጋቸው መስኮቱ ሥር ነው። የመኪናዬ አፍንጫ ከመስኮቱ ሁለት እርምጃ አይርቅም።

አባባ ይህን ይወዱት ነበር። ከመንገድ ስመለስ አንገታቸውን ቀና አድርገው አቧራውን ያዩና፣ "ይሄ የደራ አፈር ነው" ይላሉ። ሌላ ጊዜ ደግሞ "ወለንጪቲ ምን ልትሠራ ሄድክ?" ይሉኛል። አንድ ቀን እንኳን አልተሳሳቱም። በእኔ ጎማ ነበር አገር የሚዞሩት።

አንድ ቀን ከማላውቀው ቁጥር ተደወለልኝ።

"ጤና ይስጥልኝ፣ ከመኪና አስመጪው ድርጅት ነው። ቁጥርዎን መኪናውን ከሸጡልዎት ሰው ነው ያገኘነው" አለች አንዲት ልጅ፣ ጥርት ባለ ድምፅ። ፋብሪካው የዚያን ዓመት ሥሪቶች ለጥገና መልሶ እየጠራቸው ነው አለችኝ። ሞተሩ አጠገብ ያለው የፍሬን መቆጣጠሪያ ሳጥን ውስጥ ፈሳሽ ይገባል፤ ሞተሩ ጠፍቶ፣ ቁልፉ ኪስ ውስጥ እያለም እሳት ሊያስነሳ ይችላል። "ዕቃው ከውጭ ሲደርስ ተራ ይዘን እንደውልልዎታለን፣ በነፃ እንቀይረዋለን። እስከዚያ ግን ከቤትና ከሰው አርቀው ያቁሙት።"

ነገሩን ያበላሸችው "በነፃ" የምትለው ቃል ናት። ስንቱ ሰው ሽልማት ደርሶዎታል ተብሎ በስልክ ተበልቷል።

"እሺ እህቴ፣ የሚስጥር ቁጥሬን አሁኑኑ ልንገርሽ ወይስ ትንሽ እንጫወት?" አልኳት።

አልሳቀችም። "የሚስጥር ቁጥር አልጠየቅሁዎትም። ይልቅ የሻንሲ ቁጥሩን ያመሳክሩ" ብላ ቁጥሩን አንድ በአንድ አነበበችልኝ። ጋዜጣ ጥግ ላይ ጻፍኩትና እማማ ግቢ ሄጄ ኮፈኑን ከፈትኩ። አንዱም አልተሳሳተም።

ስለዚህ አላወቅሁም ነበር ማለት አልችልም።

የማምነው መካኒክ ዘንድ ወሰድኩት። ጎንበስ ብሎ አየና፣ "ጋሼ፣ ዕቃው እስኪመጣ ሲያቆሙት የባትሪውን ገመድ ይንቀሉት። ኤሌክትሪክ ካላገኘ በምን ይነሳል? አስር ቁጥር መፍቻ ይያዙ፣ አንድ ደቂቃ አይፈጅም" አለኝ። "ከመስኮቱ ግን ያርቁት" ብሎ ጨመረበት። ወዴት እንደማርቀው አልነገረኝም፤ እኔም አልፈለግሁም። ለእማማ ብነግራቸው አውጣልኝ ይሉኛል ብዬ ዝም አልኩ።

አራት ቀን ነቀልኩ። አባባ በመስኮት እያዩኝ፣ "አንተ፣ ባትሪው ምን ሆነብህ?" አሉኝ።

"ዕረፍት ወጥቶ ነው አባባ።"

በሚታዘዝላቸው ግማሽ ፊታቸው ሳቁ። በአምስተኛው ቀን መንቀሉን ተውኩት። ለምን እንደተውኩት እመጣበታለሁ፤ አሁን አፌ አልታዘዝ ብሎኛል።

ከረንቡላ ቤት ግን አፌ ይታዘዝ ነበር። "መኪናዬ የፋብሪካው ናፍቆት ይዞታል፣ እናቱ ልጄን መልሱልኝ ብላለች" እያልኩ ሳስቅ ሁለት ወር አለፈ። ከጓደኞቼ አንዱ፣ "ቀልዱን ተውና ለሽማግሌው ነግረሃቸዋል?" ሲለኝ እንጨቴን ጠመኔ ቀብቼ ተራዬን መታሁ። ኳሷ ያልኩበት ደረሰች። በጣም ጎበዝ ነበርኩ።

ቅዳሜ እኩለ ቀን ነበር። ከሻሸመኔ ከተመለስኩ ገና አንድ ቀኔ ነው፤ መኪናው ከትናንት ጀምሮ አልተነካም። ከረንቡላ ቤቱ በር ላይ አንዱ ጎረቤት ብቅ አለና፣ "አንተ እዚህ ትጫወታለህ፣ መኪናህ እየነደደ ነው" አለኝ። እየቀለደ መስሎኝ፣ "እንዲያው አንድ ሲኒ ሻይ አፍላበት" አልኩት። የሰውየውን ፊት ያየሁት ከዚያ በኋላ ነው።

ስደርስ ኮፈኑ ውስጥ ያለው ሁሉ ይነድዳል። ነፋሱ ነበልባሉን ወደ ቤቱ ይገፋዋል። የመስኮቱ መጋረጃ አልቋል፣ የመስኮቱ እንጨት ተያይዟል። ሰዎች አባባን ከነፍራሻቸው በበሩ ሲያወጧቸው የፍራሹ ጠርዝ ይጨስ ነበር። ቀይዋ የእሳት ማጥፊያዬ? እሷ የለችም። በሰፈራችን ለዓመታዊ ምርመራ ቀን የእሳት ማጥፊያ እንዋዋሳለን። የኔዋ ለአንድ የሚኒባስ ባለቤት ቦሎ ልታስወጣ ሄዳለች። ብትኖርም ባዶ ነበረች፤ ስንት መኪና እንዳሳለፈች እግዜር ይወቅ።

የእሳት አደጋ መኪናው ሲመጣ የቀረው ብረት ነው። አባባ ጭስ ውጠው ስለነበር ስምንት ቀን ሆስፒታል ተኙ። ከዚያ በኋላ ቤቱ ሽታው አልለቅ ስላለ፣ ልጃቸው ደራ ወዳለው ቤቷ ወሰደቻቸው። እዚያ ያለው ክፍል መስኮቱ ግድግዳ ነው የሚያሳየው አሉኝ።

ሰፈሩ እኔን ሊያጽናና ተሰበሰበ። ንብረት የጠፋበት ሰው ብቻውን አይተውም። ሰው ሁሉ "ዋናው ነፍስ ነው፣ እግዜር ይተካልህ" እያለኝ አንገቴን ደፍቼ ተቀመጥኩ። ከሁሉም ቀድመው የመጡት እማማ ናቸው፤ ድስት ሙሉ ወጥ ይዘው። ተቀምጠው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙና፣

"ልጄ፣ ጥፋቱ የኔ ነው" አሉ። "ያን ቀን ምድጃው ውጭ ነበር። ይሄ ነፋስ ፍሙን ወስዶ ካንተ መኪና ሥር ጥሎብኝ ነው። መኪናህንም አነደድኩ፣ አባባንም ልገድል ነበር።"

ሰው ሁሉ እኔን ያያል። ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ።

"ይቅር ብያለሁ እማማ" አልኳቸው።

አዎ፣ ይቅር አልኳቸው። የተቀመጡት ሰዎች "ትልቅ ሰው" አሉኝ። ወጡንም በላሁት፤ ይጣፍጥ ነበር።

እማማ ከዚያ ቀን ጀምሮ ምድጃ አልለኮሱም። ግቢያቸው ውስጥ የተከራዩት ሰዎች፣ "ሁለተኛ እዚህ ፍም እንዳናይ" ብለዋቸዋል። የቆሎው ሰፌድ በራቸው ላይ መውጣቱ ቀረ። ጠዋት ጠዋት ሳልፍ "አካም ቡልቴ" ብለው እንዴት እንዳደርኩ ይጠይቁኛል፤ እኔ ፈጠን እላለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ደራ ይሄዳሉ፣ እሑድ ይመለሳሉ።

አራት ወር እንዲህ ሆነ። ከዚያ ያቺ ልጅ ደወለች።

"ዕቃው ደርሷል። መኪናውን መቼ ያመጡታል?"

"ተቃጥሏል" አልኳት። ቀልድ ፈለግሁ፤ አልመጣም።

"ሰው ተጎድቷል?" አለችኝ።

በአራት ወር ውስጥ ይህን የጠየቀኝ አልነበረም፤ ሁሉም የሚጠይቀኝ ስለ መኪናው ነበር። መልስ ሳልሰጣት ስልኩን ዘጋሁና እማማ ዘንድ ሄድኩ። በራቸው ላይ ያለ ቆሎ ሰፌዳቸው ዱካ ላይ ተቀምጠዋል። ቆሜ ሁሉንም ነገርኳቸው። ስልኩን፣ የሻንሲ ቁጥሩን፣ መካኒኩ ያለኝን። የእርስዎ ፍም አይደለም አልኳቸው።

አመድ ከወጣለት የቆየውን ምድጃ ነበር የሚያዩት።

"ያ ገመድ" አሉ በመጨረሻ፣ "ለመንቀል ከባድ ነው?"

"አይደለም እማማ። አንድ ደቂቃ ነው።"

"ታዲያ ለምን ተውከው?"

"ባትሪው ሲነቀል የመኪናው ሬዲዮ የያዛቸውን ጣቢያዎች ይረሳል። በየጠዋቱ እንደገና መፈለግ ሰለቸኝ" አልኳቸው።

ሬዲዮው ስድስት ጣቢያ ነበር የሚይዘው። እኔ የማዳምጠው ኳስ የሚያስተላልፈውን አንዱን ብቻ ነው።