ሦስት ጊዜ የተመሠረተው መንኮራኩር

ሰው ጨረቃን ረግጦ ከተመለሰ ብዙም ሳይቆይ ነው። እርሻ ሊያስተምሩን አሰላ ከመጡት ፈረንጆች አንዱ ጓዙን ጠቅልሎ ሲሄድ፣ ልጆቹ ይጫወቱባቸው የነበሩትን የፕላስቲክ ጡቦች ለትምህርት ቤታችን ሰጠ። እሱን አይተው ሌሎቹም የየልጆቻቸውን ሰጡና ሣጥን በሣጥን ላይ ተከመረ። አንዱ ባንዱ ላይ ጠቅ እያለ የሚገጠም፣ ቀይ፣ ነጭና ሰማያዊ ትንንሽ ጡብ ነው። የልጆች መጫወቻ መሆኑ ለሁላችንም ግልጽ ስለነበር ዲሬክተራችን ወዲያውኑ የአዋቂ ኮሚቴ አቋቋሙ። ኮሚቴውም ጡቦቹ የመንግሥት ንብረት ስለሆኑ ተማሪ እንዳይነካቸው ወሰነ።

ከዚያም ትልቅ የጠፈር መንኮራኩር ይሠራና እንግዳ በመጣ ቁጥር ይታይ ተባለ። ሠሪው እኔ ሆንኩ። የሳይንስ አስተማሪ ነኛ! ስለ መንኮራኩር የማውቀው ጋዜጣ ላይ ያየሁትን አንድ የደበዘዘ ፎቶግራፍ ብቻ እንደሆነ ብናገርም፣ ከኮሚቴው መካከል ያንን እንኳን ያየ ሌላ ሰው ስላልተገኘ ሊቅ ተብዬ ተሾምኩ።

እውነቱን ለመናገር ሹመቱን የተቀበልኩት ለአባቴ ብዬ ነው። አባቴ የጢቾ እህል ነጋዴ ነበር። ሱቁን እንድረከበው ሲጠብቅ አስተማሪ ሆኜ መቅረቴን እስከዚያ ድረስ አልዋጠውም። «አስተማሪ ምን ይጨርሳል?» ይለኝ ነበር። «ነጋዴ ጭኖ፣ ሸጦ፣ ቤቱ ይገባል። ገበሬ አጭዶ ይከምራል። አንተ ግን ልጁን ዓመት ሙሉ ታስተምርና ሳይጨርስ ለሌላ አስተማሪ ትሰጠዋለህ። እስቲ አንድ የጨረስከውን ነገር አሳየኝ!» መንኮራኩሩ መልስ ይሆነኛል ብዬ ተነሣሁ።

አባቴ ደግሞ ያላለቀ ነገር አያይም። ጢቾ ላይ መጋዘን ሲያሠራ አንድ መንገደኛ ቆሞ «ወይ ማማሩ!» ብሎት ሄደና በሳምንቱ ጣሪያውን ነፋስ ወሰደው። ከዚያ ወዲህ ያልተጠናቀቀ ሥራ ላይ ዓይን ማሳረፍ ለሠሪው ጠላት መሆን ነው ብሎ ያምን ነበር። ስለዚህ «ሲያልቅ ጥራኝ» አለኝ።

ሊያልቅ ግን በመጀመሪያ መጀመር ነበረበት። በዚያ ዘመን ደግሞ ድልድይም ሆነ ክሊኒክ፣ የውሃ ቦኖም ቢሆን፣ ሹም መጥቶ የመሠረት ድንጋይ ሳያስቀምጥለት አይጀመርም። ዲሬክተሩም መንኮራኩሩ ከድልድይ አያንስም አሉ። ሹሙ እስኪመቻቸው ወራት ጠበቅን። በመጨረሻ መጡ። አንዲት ቀይ ጡብ በከፋይ ጨርቅ ላይ ተደርጋ ቀረበችላቸው፤ ስለ ሥልጣኔ ረጅም ንግግር አደረጉ፤ ጡቧን ጠረጴዛው ላይ አኖሩ፤ እኛም አጨበጨብን። ጠፈር የሚሄድ ነገር መሠረት ምን ያደርግለታል ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም። እኔም አልጠየቅሁም።

መንኮራኩሩ ወገቤ ጋ ሲደርስ ሹሙ ተዛወሩ። አዲሱ ሹም ሊጎበኙን መጡና «ይህን ማነው ያስጀመረው?» አሉ። ዲሬክተሩ ዓይናቸውን ሳያሹ «ክቡርነትዎን እየጠበቅን ነው እንጂ መቼ ተጀመረ?» ብለው መለሱ። መንኮራኩሩ እዚያው መካከላችን ቆሟል! በማግሥቱ እስከ መጨረሻው ፈረሰ። ሌላ ቀይ ጡብ፣ ያው ከፋይ፣ ያው ጭብጨባ።

አባቴ ለጉዳዩ አሰላ በመጣ ቁጥር ከትምህርት ቤቱ በር ፊት ለፊት ያለው ሻይ ቤት ይቀመጣል። እወጣለሁ። «አለቀ?» ይላል። «አላለቀም አባባ።» «ኢንሻአላህ» ይልና ሻዩን ጨርሶ ይነሣል። ከዚያ መፍረስ በኋላ ግን «አሁን የት ደረሰ?» ብሎ ሲጠይቀኝ «መሠረቱ ላይ» አልኩት። «አምናም መሠረቱ ላይ ነበርክ» አለ። አልሳቀም፤ ቢስቅብኝ ይሻለኝ ነበር።

ሁለተኛውን ከትከሻዬ በላይ አድርሼው ሳለ ከአዲስ አበባ አንድ ትልቅ ሰው ይመጣሉ ተባለ። የበላይ እያለ የበታች በጣለው መሠረት ላይ እንዴት ይሠራል? አፈረስን። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነብኝ። ባልደረቦቼ «የጨረቃው ሰውዬ» ብለው ስም አወጡልኝ። ትልቁ ሰውም መጥተው ጡባቸውን አኑረው፣ ምሳቸውን በልተው ሄዱ።

ከዚያ ስድሳ ስድስት ዓመተ ምሕረት ገባ። ሹም ሁሉ ሬዲዮ ሥር ተቀምጦ ከሚታሠሩት መካከል የራሱን ስም መጠበቅ ሲይዝ፣ ጡብ ላኑር የሚል ጠፋ። ሌላው ስለ አገሩ ሲጨነቅ እኔ በሹም መጥፋት የሠራሁትን ያህል በሕይወቴ ሠርቼ አላውቅም። ክረምቱ እንደ ገባ የመንኮራኩሩን ሹል አፍንጫ ገጠምኩ። ከእኔ ቁመት በልጦ ጣሪያውን ሊነካ ምንም አልቀረውም። ወደ ጢቾ በሚሄደው ሎንችና ሹፌር «አልቋል፣ ና» ብዬ ለአባቴ ላክሁበት።

ሊመጣ ባለበት ቀን ጧት ዲሬክተሩ እያለከለኩ ገቡ። ያ ከአዲስ አበባ መጥተው የነበሩት ሰው ታሥረዋል። የእሳቸው ጡብ ከሥር አለ፤ አሁኑኑ ይውጣ አሉ። የትኛው ነው ብዬ ጠየቅኋቸው። ጎንበስ ብለው ፈለጉ። ከሥር ያለው በሙሉ ቀይ ነው፤ ሹም ያኖረውና እኔ ያኖርኩት አይለይም።

«እንግዲያው ሁሉም ይፍረስ» አሉ።

«አባቴ ሳያየው አይፈርስም» አልኩ።

«አባትህ ምን ሥልጣን አላቸው?»

«እህል ነጋዴ ነው።»

ኮሚቴውን ሊጠሩ ሲወጡ በሩን ዘግቼ ወንበር አስጠግቼ ተቀመጥኩበት። ኮሚቴው ውጭ ተሰበሰበ። አንዱ ለመነኝ፣ አንዱ አስፈራራኝ። ዝናቡ ይወርዳል፤ የጢቾ መንገድ በክረምት ምን እንደሚመስል ስለማውቅ ሎንችናው ጭቃ ውስጥ የቀረ መሰለኝ። ፈራሁ። እንጀራዬን አሰብኩ፣ እሥር ቤቱንም አሰብኩ፤ ከወንበሩ ግን አልተነሣሁም።

ከቀትር በኋላ አባቴ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ መጣ። ሻይ ቤቱ ጋ አልቆመም። በሩ ላይ ደርሶ በኦሮምኛ ማለቁን ጠየቀኝ።

«አልቋል» አልኩና ከፈትኩለት።

ጫማውን አውልቆ ገባ። ዣንጥላውን በብብቱ ይዞ ቀስ ብሎ ዞረው፤ እንደገና ዞረው። መዳፉን ከታች ጀምሮ ወደ ላይ አሳለፈበት፤ ጆንያ ሲገዛ ስፌቱን የሚፈትሸው እንደዚያ ነበር። አፍንጫው ላይ እጁ አልደረሰም።

«ማሻአላህ» አለ። «ኢልማኮ፣ ልጄ፣ ጨርሰሃል።»



ዲሬክተሩ ከኋላ ቀርበው «አባት፣ ይቅርታ ያድርጉልን፤ ማፍረስ አለብን» አሉት። አባቴ ደነገጠ ብዬ ዘወር ስል ፈገግ ብሏል።

«አፍርሱት እንጂ» አላቸው። «ያለቀ ነገር ነው የሚፈርሰው። ያላለቀማ ምኑ ይፈርሳል?»

አግዳሚ ወንበር ስቦ ለማየት ተቀመጠ። እኔም ዴስክ ላይ ወጣሁና፣ ለሌላ ሰው ሳልተው፣ አፍንጫውን በገዛ እጄ ነቀልኩ።