በሕይወት ላለ ወንድሜ ያወጣሁት ተዝካር

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለነፍስ አባቴ እንኳ አልተናገርኩም። ጾም መግደፌን፣ ሰው ማማቴን፣ በልጆቼ ላይ መቆጣቴን እነግራቸውና እዚህ ስደርስ ዘልዬው እነሣለሁ። እናንተ የምታነቡኝ ግን ስሙኝ።

እኔ በሕይወት ያለ ወንድሜን ሞተ ብዬ አልቅሻለሁ። ተዝካሩን አውጥቻለሁ። ያደረግሁትም መሬቱን ለመውረስ ነው።

አባታችን የሞተው ጣልያን አዲስ አበባ በገባ በዓመቱ ነው። ቦታችን ከልደታ ማርያም ዝቅ ብሎ እስከ ወንዙ ይወርዳል። ከላይ ቤቱ አለ፤ ከታች ባሕር ዛፍ ነው። ልጆቹ እኔና ታናሽ ወንድሜ አበራ ብቻ ነን። አበራ ያን ጊዜ ጠመንጃውን ይዞ ጫካ ገብቶ ነበር። ባንዳዎች እሱን ፍለጋ እየመጡ ቤታችንን ይፈትሻሉ። ባሌ ደግሞ ጦርነት ሄዶ ቀርቷል፤ ልጆቼን ይዤ አባቴ ቤት ገብቻለሁ።

አባቴ ሕመሙ ሲጸናበት ነፍስ አባቱንና ሽማግሌዎች አስጠርቶ ተናዘዘ።

«ቤቱ ለልጄ ለአስካለ ይሁን። ባሕር ዛፉ ለአበራ። እስኪመጣ ወንድሜ ወርቁ በአደራ ይያዝለት። ሞቶ እንደሆነ ግን እህቱ ተዝካሩን ታውጣና ትውረሰው» አለ።

ይህን ሲል እግሩን ይዤ ነበር። ያጎደለብኝ ነገር የለም።

ታዲያ ምን አስመኘኝ? ልጆቼ ርቧቸው ነበር? አልራባቸውም። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጠላ እየሸጥኩ አበላቸው ነበር። ጣልያን ቤት በቤት ላይ ሲሠራ እንጨት ተፈላጊ ሆነ። እኔ ከደጄ ቆሜ የወንድሜን ዛፍ አያለሁ። የሣር ጣራዬን አፍርሼ ቆርቆሮ ማልበስ አማረኝ። ለዚህ ነው። ለቆርቆሮ።

አንድ ቀን ጠዋት ከሰበታ በኩል የምትመጣ ቅቤ ሻጭ ገባች። ቅሏን አስቀምጣ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

«አበራ ደኅና ነው። ‹እታለም፣ አይዞሽ፤ ባሕር ዛፉ ለእኔ መድረሱን ሰማሁ፤ ጠብቂልኝ፣ ስመለስ ጎጆ እሠራበታለሁ› ብሎሻል።»

በደስታ አለቀስኩ። ያ ዕንባ የእውነት ነበር። ሴትዮዋን ሸኝቼ ፊቴን ሳልጠርግ ጎረቤቴ እትዬ ደስታ በአጥሩ ላይ አየችኝ።

«ምነው አስካለ? ሴትዮዋ ምን ነገረችሽ? አበራ ነው እንዴ?»

«ምንም አይደለም» ማለት ይበቃ ነበር። ከእሷ ትከሻ በስተጀርባ ባሕር ዛፉ ይታየኛል። እኔም ደረቴን መታሁ።

«ወይኔ ወንድሜን! በጥይት ገደሉት!»

ሰፈሩ ተሰበሰበ። ጸጉሬን ተላጨሁ፣ ከል ለበስኩ። ከባንዳዎቹ አንዱ ለቅሶው ላይ መጥቶ፣ «አንድ ሽፍታ ቀነሰልን» ብሎ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ቤቴን የፈተሸ የለም። ወንድሜን የሚፈልገውም ቀረ። እኔ ግን ይህን አላሰብኩትም። ላስብ ብልም ልቤ በዛፉ ተይዞ ነበር።

አርባው ደረሰ። ጠላ ጠመቅሁ፣ ካህናቱን ጠራሁ። ፍትሐቱን የሚመሩት አባ ወደ እኔ ዞረው የክርስትና ስሙን ጠየቁኝ። ያን ጊዜ እንኳ መመለስ እችል ነበር። «ኃይለ ሚካኤል» አልኩ። የሕያው ሰው ስም ከሙታን ጋር ተጠራ። ያስጠራሁት እኔ ነኝ። የገፋፋኝ የለም፤ ሰይጣን አሳሳተኝም አልልም።

አጎቴ ጋሼ ወርቁ እያለቀሰ አደራውን አስረከበኝ። ዛፉን አስቆረጥኩ። ቤቴ ቆርቆሮ ለበሰ።

ከዚያ በኋላ ልደታ ማርያም ሄጄ፣ «እመቤቴ ሆይ፣ ወንድሜን አኑሪልኝ» እያልኩ እለምን ነበር። ከልቤ ነው። ግን ሁልጊዜ ነው? አይደለም። ቢመጣ እንደምዋረድ እያሰብኩ፣ ምነው በቀረ ያልኩበትም ቀን አለ። ይህን መጻፍ ከሁሉ ከበደኝ።

ጣልያን ተሸነፈ፣ ንጉሡ ተመለሱ። አንድ ቀን ከበሩ እልልታ ሰምቼ ስወጣ አበራ ቆሟል። ጸጉሩ ትከሻው ደርሷል፤ ከስቷል፤ ግን እሱ ነው!

«በስመ አብ! ሙት መጣ!» አለች እትዬ ደስታ።

«ተዝካሬን በላሽ አሉ፤ እንዴት ነበር?» አላት እየሳቀ።

«ጠላው ማለፊያ ነበር። ወጡ ጨው በዝቶበታል። ዳግመኛ ስትሞት ይስተካከላል።»

እኔ እግሩ ላይ ወደቅሁ። ልናገር ነበር። እሱ ግን ብድግ አድርጎ አነሣኝና ወደ ሰዉ ዞረ።

«ይህቺን ሴት ታያላችሁ? ደኅና መሆኔን ቅቤ ሻጯ ነግራታለች። እሷ ግን ሞተ ብላ አስለቅሳችሁ ጣልያንን አሞኘችው! ፍለጋው የቆመልኝ በእሷ ነው። እህቴ ናት ያተረፈችኝ!»

«አንቺ ተንኮለኛ!» አለኝ ጋሼ ወርቁ እየሳቀም እያለቀሰም። «እኔን እንኳ ሳትነግሪ!»

እልልታው ቀለጠ። እኔም ዝም አልኩ። አንድ ቃል አልተናገርኩም። የመጀመሪያውን በደል የሠራሁት በጩኸት ነበር፤ ይህን በዝምታ ሠራሁት።

ቢሆንም እውነቱን ልናገር፤ በዕድሜዬ እንደዚያ ቀን ያለ ደስታ አላየሁም። ወንድሜ በእግሩ ቆሞ ይስቃል፣ እንጀራዬን ይበላል፣ ልጆቼ በትከሻው ላይ ይወጣሉ። አገር ነጻ ወጥቷል። ዛሬም ሳስበው ልቤ ይዘላል።

ባሕር ዛፉን በማግሥቱ መለስኩለት። «ጠብቃ አቆየችለት» ብለው መረቁኝ። ከጉቶው አቆጥቁጦ ስለ ነበር መቆረጡን እንኳ የቆጠረብኝ የለም። ጎጆውን ሠራ፣ አገባ፣ ወለደ። ልጆቹ የአክስታቸውን ብልሃት ተረት አድርገው ነው ያደጉት።

አሁን ሁለታችንም አርጅተናል። አበራ ንብረቱን ለልጆቹ ሊያከፋፍል ሽማግሌዎች ጠርቷል፤ ነገ ይቀመጣሉ። ትናንት ልጁን ልኮብኝ ነበር። «ከቦታዬ እኩሌታው ለእታለም ልጆች ነው። ሕይወቴ የእሷ ነው» ብሏል።

እንግዲህ ልጆቼ በውሸቴ ሊወርሱ ነው። የእሱ ልጆች ደግሞ በእኔ ውሸት ሊጎድልባቸው ነው። አይሆንም። ይህን መሬት አንድ ጊዜ በሐሰት ወስጄዋለሁ፤ ሁለተኛ አልወስደውም።

አንድ ሰው ምናልባት፣ «እግዚአብሔር እኮ ክፋትሽን ወደ በጎ ለወጠው» ይለኝ ይሆናል። እውነት ነው፤ ለዘላለም ይመስገን። ዮሴፍንም ወንድሞቹ ሸጡት፤ እግዚአብሔር አነገሠው። ማንገሡ የእግዚአብሔር ነው። መሸጡ ግን የወንድሞቹ ነው። እኔም ሽያጬን ይዤ እቆማለሁ።

ነገ በሽማግሌዎቹና በልጆቹ ፊት፣ «አበራ፣ ያለቀስኩብህ ላድንህ አይደለም፤ ልወርስህ ነው» እለዋለሁ። እንዲያዝንልኝ ብዬ የልጆቼን ስም አላነሣም። ባል አልባ ነበርኩ አልልም። ይቆጣ ይሆን? ፊቱን ያዞርብኝ ይሆን? መብቱ ነው።

ስንት ሰው ይቅርታውን መቃብር ላይ ቆሞ ይለምናል፤ የሚመልስለት የለም። እኔ ፍትሐት ያስደረስኩበት ወንድሜ ግን ከአጥሩ ማዶ ተቀምጧል፤ ይኸው ሲያስል ይሰማኛል። ይማረኝም አይማረኝ፣ መልሱን ከገዛ አፉ እሰማለሁ። ለዚህ ላደረሰኝ አምላክ ምስጋና ይግባው።