ተኝቼ «ኖር» ያልኩበት የእንጦጦ ጉዞ

ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ከኮተቤ ተነሳሁ። የምሄደው ወደ እንጦጦ ነው፤ ለሽርሽር ግን አይደለም። ክረምት ላይ ቫይረስ ይዞኝ ከዳንኩ በኋላ፣ ሰሌዳ ፊት በቆምኩ ቁጥር ያዞረኛል፤ ልቤም ይደልቃል። ርእሰ መምህሩ «ሰኞ ቁርጡን ንገሪኝ፤ ካልቻልሽ አራተኛ ክፍልን ለሌላ ሰጥቼ አንቺን ቤተ መጻሕፍት እመድብሻለሁ» ብለውኛል። ስለዚህ ከቫይረስ በኋላ የሚቆይ የደም ዝውውር ችግርን የሚያጠኑ የእንጦጦ ሐኪሞች ዘንድ ተመዘገብኩ።

ሁለት ሰዓት፣ ሽሮ ሜዳ

በመገናኛና በስድስት ኪሎ አድርጌ እዚህ ደረስኩ። ወደ እንጦጦ ማርያም የሚወጣው ሚኒባስ በተሳላሚዎች ተሞልቷል።

«ጠጋ ጠጋ በሉ እንጂ!» አለ ሾፌሩ። «የገነት መንገድም እንዲህ ጠባብ ነው!»

ሚኒባሱ ዳገቱን እያቃሰተ ሲወጣ የባሕር ዛፍ ሽታ በመስኮት ገባ።

ሦስት ሰዓት፣ ክሊኒኩ

ምርመራው ቀላል ነው፤ ላስረዳ። መጀመሪያ ዐሥር ደቂቃ ጸጥ ብሎ መጋደም፣ ቀጥሎ ሳይደገፉ ዐሥር ደቂቃ መቆም። በሁለቱም የልብ ምት ይለካል።

በተጋደምኩ በስምንተኛው ደቂቃ ከእኔ ቀጥሎ ተረኛ የሆኑት ታካሚ፣ አባባ ተሰማ የሚባሉ ሽማግሌ፣ ገቡ። ብድግ አልኩ።

«ኖር!»

«በእግዜር፣ ልጄ።»

«ኧረ ተኚ!» አለች የልብ ምቴን የምትለካው ሲስተር። «እንደገና ከአንድ!»

ተኛሁ። አባባ ወጡ፤ ግን የረሱትን ከዘራ ሊወስዱ ተመለሱ። ሰውነቴ አላማከረኝም፤ ቆሜ ተገኘሁ።

«መምህርት፣ አልጋው እሾህ አለው እንዴ?» ሲስተሯ ሳቀች።

አባባ በሩ ላይ ቆሙ። «በይ ዛሬ ተኝተሽ ኖር በይኝ፤ ፈቅጃለሁ።»

ተጋድሜ «ኖር» አልኳቸው። «በእግዜር» ብለው ወጡ። በዕድሜዬ እንዲህ ያለ ብልግና ሠርቼ አላውቅም።

በሦስተኛው ሙከራ ተሳካ። ስቆም ግን የልቤ ምት ዳገት የሚሮጥ ሰው ምት ሆነ።

«ስትቆሚ ደምሽ ወደ እግርሽ ይወርዳል» አለችኝ ዶክተሯ። «የደም ሥሮችሽ ቶሎ ስለማይጠብቡ ልብሽ ለማካካስ ይሮጣል። ቫይረሱ እንዴት ይህን እንዳመጣ ገና እያጠናን ነው።»

«ስንፍና አይደለም ማለት ነው?»

«ስንፍና ልብ አያስሮጥም።»

ውሃ በብዛት እንድጠጣ፣ ጠበቅ ያለ ረጅም ካልሲ እንዳደርግና ተቀምጬ እንዳስተምር ጻፈችልኝ።

ስምንት ሰዓት፣ ቤት

ጫማዬን ሳላወልቅ ለርእሰ መምህሩ ደወልኩ።

«ክፍሌን አልለቅም፤ ወንበር ግን ያስፈልገኛል።»

«ወንበር ብቻ?»

«ወንበር ብቻ።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አልጠየቅሽም?»

ተማሪ ፊት መቀመጥ ነውር ይመስለኝ እንደነበር ነገርኳቸው። «እኔ ቢሮ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ተቀምጬ አይደል የምውለው?» አሉ።