አጸደ ያልጻፈችው ምክንያት

አጸደ ካዛንቺስ በሚገኝ አንድ ጤና ጣቢያ አሥራ አራት ዓመት በማኅበራዊ ሠራተኝነት አገልግላለች። ከሁሉ የሚያንገበግባት የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና ባቋረጡ ሰዎች ካርድ ላይ የሚጻፈው ነገር ነበር፦ «ግንዛቤ የለውም»። ማን ጠይቋቸው ነው?

በ2001 ዓ.ም. ጥናት ለመሥራት የመንግሥት ድጋፍ ስታገኝ፣ ሕክምና ያቋረጡ ስልሳ ሰዎችን ከኦሎምፒያ እስከ ስታዲየም ቤት ለቤት ፈልጋ አነጋገረች። አንዷ ሆቴል ውስጥ ዕቃ የምታጥበው ዙለይካ ነበረች።

«መድኃኒቱ የሚዋጠው ነርሷ ፊት ነው፤ ጤና ጣቢያው ደግሞ የሚከፈተው ጠዋት ሁለት ተኩል» አለቻት። «እኔ ሥራ የምገባው አንድ ሰዓት ነው። ሁለት ሳምንት አረፈድኩ፤ ከዚያ አለቃዬ ‹ከደገምሽ እንዳትመጪ› አለኝ። በሽታዬን ብነግረው በቃ፣ ያባርረኛል። ምን ላድርግ እትዬ አጸደ?»

ከስልሳው አርባ አንዱ ያሏት ይህንኑ ነው። አጸደም ጤና ጣቢያው ማለዳ አሥራ ሁለት ተኩል ይከፈት ብላ ጽፋ ጥናቱን ድጋፉን ለሰጣት የጤና ቢሮ አስረከበች።

ሰባት ወር ሙሉ መልስ አጣች። በዚህ መሃል ዙለይካ በሽታው አገረሸባት። የቀድሞው መድኃኒት አልሠራ ስላላት በየቀኑ መርፌ ታዘዘላት፤ መርፌው ሳንባዋን ሲያድን ጆሮዋን አደነቆረው።

በመጨረሻ አጸደ ቢሮው ለስብሰባ ተጠራች። እዚያ የታደለውን የታተመ ጥናቷን ገለጠች። ሽፋኑ ላይ ስሟ አለ፤ ውስጡ ግን «ዋናው ምክንያት የታካሚዎች ግንዛቤ ማነስ ነው» ይላል። ከመቀመጫዋ ተነሣች።

«ይህን እኔ አልጻፍኩም።»

ስብሰባውን የሚመሩት የቢሮው ኃላፊ አቶ አጥናፉ ፈገግ አሉ። «ወይዘሮ አጸደ፣ አሳጠርነው እንጂ አልቀየርነውም።»

«የመክፈቻው ሰዓትስ የት ገባ?»

«እሱ የአስተዳደር ጉዳይ ነው።»

«አንዲት የሃያ ስድስት ዓመት ልጅ በእናንተ ሰዓት ደንቁራለች። እሷስ የማን ጉዳይ ናት?»

ተቀመጪ ቢሏትም የራሷን ጽሑፍ ከቦርሳዋ አውጥታ የአርባ አንዱን ሰዎች ቃል እስከ መጨረሻው አነበበች። ስሟም ከሽፋኑ እንዲፋቅ በደብዳቤ ጠየቀች።

ከአምስት ወር በኋላ ጤና ጣቢያው ማለዳ መከፈት ጀመረ። ከቢሮው የወጣው ትእዛዝ ስለ ጥናቱ አንድም ቃል አያነሣም። አጸደ ዙለይካ ቤት ሄዳ ወሬውን በወረቀት ጻፈችላት።

ዙለይካ አነበበችና ወረቀቱን መለሰችላት። «ይህ መሆን የነበረበት ያኔ ‹ምን ላድርግ› ስልሽ አልነበረም?» አለች፣ የራሷን ድምፅ ስለማትሰማ ጮክ ብላ።

አጸደ ወረቀቱን ገልብጣ «ነበር» ብላ ጻፈችላት።