አንድ አቡነ ዘበሰማያት ያህል

አባቴና እኔ በስልክ በወጉ ተነጋግረን አናውቅም። ተጣልተን አይደለም። እሳቸው ቢቸና፣ እኔ ሞጣ፤ መስመሩ ዘግየት ስለሚል ሁለታችንም እኩል እንጀምራለን፣ ድምፃችን ይጋጫል፣ ደንግጠን ዝም እንላለን። እሳቸው መሪጌታ ናቸው፤ ትዕግሥቴንም የተማርኩት ከእሳቸው ነው። ስለዚህ እኩል እንታገሥና እንደገና እኩል እንጀምራለን። «እርስዎ ይቀጥሉ»፣ «የለም፣ አንቺ ቀጥዪ» ስንባባል ካርዱ ያልቃል።

የሚያሳፍረው፣ እንጀራዬ ይኸው ነገር መሆኑ ነው። ኮሌጅ ውስጥ ኔትወርክ አስተምራለሁ። በአንድ መስመር የሚጠቀሙ ኮምፒውተሮች እንዴት ከመጋጨት እንደሚድኑ በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ፦ መጀመሪያ አዳምጥ፤ መስመሩ ዝም ካለ ላክ፤ ከተጋጨህ አቁም፤ ከዚያ እያንዳንዱ የየራሱን ዕጣ አውጥቶ የተለያየ ጊዜ ይጠብቅ። እኩል የጠበቁ እኩል ይጋጫሉ። ይህን እያንቀላፋሁም አልስተውም።

የምዘናው ቀን ግን ከጭንቅላቴ ብን ብሎ ጠፋ።

አሥራ ሁለት ተማሪዎቼ የተግባር ሥራቸውን ጨርሰው ፋይሉን ለምዘናው ከውጭ ወደመጡት መዛኝ ኮምፒውተር መላክ ብቻ ቀርቷቸዋል። መዛኙ ስድስት ሰዓት ላይ ይሄዳሉ፤ ያልደረሰ ሥራ እንዳልተሠራ ይቆጠራል፤ ቀጣዩ ምዘና መቼ እንደሚመጣ የሚያውቅ የለም። በዚያ ላይ የኮምፒውተሮቹን ማገናኛ፣ ስዊቹን፣ የመብራት መቆራረጥ አቃጥሎት፣ ከመጋዘን ባወጣሁት አሮጌ ሃብ ነበር ኮምፒውተሮቹን ያገናኘሁት። ስዊች ለእያንዳንዱ የየራሱን በር ይከፍታል፤ ሃብ ግን አንድ ጠባብ በር ብቻ ያለው ቤት ማለት ነው። አንድ ሰው ሲልክ አረንጓዴ መብራቱ ይርገበገባል፣ ሁለት ሲላተሙ ቀዩ ይበራል። ኃላፊያችን ከሌላ ትምህርት ቤት ስዊች እንዋስ ሲሉኝ «ለአሥራ ሁለት ኮምፒውተር ይኼ ምን ያንሰዋል!» ያልኩት እኔው ነኝ።

«በሉ ላኩ!» አልኩ። አሥራ ሁለቱም እኩል ተጫኑ። ቀዩ መብራት ቦግ ብሎ ቀረ። ማሽኖቹ በራሳቸው ዕጣ እያወጡ ሞክረው ሞክረው፣ ለአሥራ ሁለት ትልልቅ ፋይል መስመሩ ጠቦ በመጨረሻ ሁሉም «አልተላከም» አሉ።

«አይዟችሁ፣ ትንሽ እንታገሥ። አንድ አቡነ ዘበሰማያት ያህል ጠብቁና ላኩ።»

እኛ ቤት ጊዜ የሚለካው እንዲህ ነበር፤ እናቴ እንቁላል የምትቀቅለው በጸሎት ቆጥራ ነው። ተማሪዎቼ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ ያው ጸሎት፣ በልጅነት ከየኔታ እንደተማሩት፣ በዚያው አካሄድ። እኩል አሜን አሉ፤ እኩል ተጫኑ። ቀይ።

ደገምኩት። እውነቴን ነው፣ ያንኑ ደገምኩት! እንደገና ቀይ። መዛኙ ሰዓታቸውን አዩ፤ አምስት ሰዓት ተኩል አልፏል። የልጆቹን ዓመት በገዛ አፌ ያጠፋሁ መሰለኝ።

ያኔ ከመስኮቱ ሥር የተቀመጠችው፣ አባቷ ገበያ ላይ ጨርቅ የሚሸጡት ተማሪዬ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ የኔ የሄደ መሰለኝ።»

መዛኙ ኮምፒውተራቸውን አይተው «አዎ፣ አንድ ደርሷል» አሉ።

«ምን አድርገሽ ነው?»

«ምንም። እናንተ ስትጸልዩ እኔ ፋቲሃ ቀራሁ። መጀመሪያ ላይ ነውር እንዳይሆን ብዬ እናንተን ጠብቄ ነበር፤ አሁን ግን እንደጨረስኩ፣ እናንተ አሜን ሳትሉ ላክሁት።»

ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣ። ለዓመታት ሰሌዳ ላይ የጻፍኩትን ተማሪዬ መልሳ አስተማረችኝ። «እያንዳንዳችሁ ጸሎት ቀይሩ!» አልኩ። አንዱ አቡነ ዘበሰማያት ብቻ፣ ሌላው ሁለቴ፣ ሌላዋ አንድ መዝሙረ ዳዊት፤ ከመካከላቸው ዲያቆን የሆነው ልጅ ደግሞ የዕለቱን ውዳሴ ማርያም እንዲያደርስ ፈረድኩበት። «የጨረሰ መጀመሪያ ሃቡን ይመልከት። አረንጓዴው ከተርገበገበ ሌላ ሰው እየላከ ነውና ይታገሥ።»

መዛኙ «ይሄ እኮ መመሪያው ላይ የለም» ብለው ጀመሩ። ሁለተኛው ፋይል ሲደርስ ግን ተዉት። ሦስተኛው ደረሰ። ከዚያ አራተኛው። አንድ ጊዜ ቀዩ ብልጭ ብሎ ነፍሴ ልትወጣ ነበር፤ መብራቱ ወዲያው ጠፋ። ዲያቆኑ ውዳሴውን ጨርሶ ሲልክ ለስድስት አምስት ጉዳይ ሆኗል። አሥራ ሁለቱም ደረሱ፣ አንድም አልቀረ! ወንበሬ ላይ ዘፍ አልኩ። እንዲህ ያለ እፎይታ በዕድሜዬ አላውቅም።

ከሰዓት በኋላ ቢቸና ደወልኩ። እንደ ልማዳችን ሁለት ጊዜ ተጋጭተን ነገሩን ነገርኳቸው። አባቴ እስኪያስላቸው ሳቁ።

«አንቺስ የትኛውን ደገምሽ?»

ደነገጥኩ። ልጆቹ ሲጸልዩ እኔ ዓይኔን የሃቡ መብራት ላይ ተክዬ አንዱንም አላልኩም ነበር።

«ምንም አላልኩ፣ አባዬ።»

«እንግዲያው ምስጋናሽን አሁን አድርሺ። እኔ ዝም ብዬ እጠብቅሻለሁ።»

ጠበቁኝም። እስክጨርስ ድረስ በመስመሩ ላይ ትንፋሻቸው ብቻ ይሰማ ነበር። «አሜን» አልኩ። ዘግየት ብሎ የእሳቸው አሜን ደረሰኝ።