የዘበኛችን ሱሪ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 3 ቀን። በልብስ ስፌቱ ክፍል፣ ከመስኮቱ አጠገብ፣ አንድ ጥቁር ኮት ተሰቅሏል። ገበሩ ገብቷል፣ ቁልፎቹ ተተክለዋል፣ የግራ እጅጌው ተሰፍቷል። የቀኝ እጅጌው ግን በስፒል ብቻ ተይዞ ቀርቷል። ዛሬም እንደዚያው ነው። ባለ ኮቱ ከግድግዳው ማዶ ያለው ፀጉር አስተካካይ ነው፤ የሚሰፋው ታላቅ ወንድሜ ነበር።

እኔ ጋሼ እለው ነበር። ሰፈሩ «ሜትር» ይለዋል፤ መለኪያው ከአንገቱ ወርዶ አያውቅምና። ሚስቱ እንደምትለው፣ ካላስታወሰችው ከነሜትሩ ይተኛ ነበር።

ሌላም ልማድ ነበረው። ሲሰፋ ስፒሎቹን በከንፈሩ ይይዛል፤ ስፒል አፉ ላይ ካለ ደግሞ አይናገርም። ሲፈራም፣ የሚሰካ ጨርቅ ባይኖር እንኳ፣ ስፒል ይጎርሳል። ይህን የምናውቀው ሚስቱና እኔ ብቻ ነን። ሌላው ሰው ሥራ የበዛበት ይመስለው ነበር።

ክፍሏ ጠባብ ናት። ሁለት የስፌት መኪና፣ መቁረጫ ጠረጴዛ፣ ካውያ፣ መስታወትና አንድ አግዳሚ ወንበር ከገቡ በኋላ ለሰው የሚቀረው መተላለፊያ ነው። መጀመሪያ የተከራያት አባታችን ነው። ጋሼ በልጅነቱ ቁልፍ መትከል የተማረው እዚያ ነው፤ አባታችን አርጅቶ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት ሲያቅተው የተካውም እዚያው ነው። አከራይዋ «የሸጥኳት ቀን ላንተ ነው» ብላ ቃል ሰጥታው ስለነበር፣ ዕድሜውን ሙሉ ያጠራቀመው ለዚያች ክፍል ነበር።

ያጠራቀመውን የሚያስቀምጠው ከመንገዱ ማዶ ባለው ባንክ ነው። አንድ ጊዜ ባንኩ አክሲዮን መሸጥ ጀመረና፣ መስኮቱ ላይ ያለችው ሠራተኛ «አባባ፣ ገንዘብዎ ዝም ብሎ ከሚተኛ ለምን የባንኩ ባለቤት አይሆኑም?» አለችው። ባለቤት የሚለው ቃል ጣፈጠው። ያለውን ሁሉ አክሲዮን ገዛበት። ፀጉር አስተካካዩን አግባባው፤ በክፍሏ በር ላይ ክርና ቁልፍ የምትሸጠውን፣ ሁላችንም እትዬ የምንላትን ሴትም አግባባት።

ከዚያ ወዲያ በባንኩ በር ባለፈ ቁጥር ዘበኛውን ከላይ እስከ ታች ያየዋል። ዘበኛው ቁመተ ረጅም ነው፤ የደንብ ልብሱ ሱሪ ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ይቀራል።

«እዩት እስቲ የኛን ሠራተኛ!» ይል ነበር ጋሼ። «ሰው ምን ይለናል? ባለቤቶቹ ጨርቅ አጠራቸው አይልም?»

«ወግ ነው ሲዳሩ ማልቀስ!» ትለዋለች እትዬ። «ያንተ ድርሻ ቢበዛ የበሩን እጀታ ቢያህል ነው።»

«ታዲያ ያለ እጀታ ማን ይገባል?»

ያን ጊዜ አክሲዮን ማለት ሣጥን ውስጥ ያለ ወረቀት ነበር። ዛሬ ስንት ያወጣል ብሎ የሚጠይቅ ስላልነበረ የሚያስፈራ ነገር አልነበረውም። ፍርሃቱ የመጣው የአክሲዮን ገበያው ሥራ ጀምሮ ዋጋው በየአመሻሹ በሬዲዮ ሲነገር ነው።

ስለ መጀመሪያው አመሻሽ እዚያ የነበሩትን ሁለቱን ለየብቻ ጠይቄያለሁ፤ የነገሩኝ ይገጥማል። ጋሼ የፀጉር አስተካካዩን ትከሻ ለዚያ ጥቁር ኮት እየለካ ነበር። እትዬ አግዳሚው ላይ ቁጭ ብላ ቁልፍ በየቀለሙ ትለያለች። ሬዲዮው «የባንክ አክሲዮኖች ዋጋ ቀንሶ ገበያው ተዘጋ» አለ።

እትዬ ቁልፎቹን ለቀቀቻቸው። «ተዘጋ? ማን ዘጋው?»

«እኔ ምን አውቄ» አለ ፀጉር አስተካካዩ፣ እጆቹን እንደዘረጋ።

«ገና ከመከፈቱ!»

«እትዬ፣ ዝም በይ እስቲ፣ እንስማ።»

«ምኑን ነው የምሰማው? ገንዘባችንን ይዘው ዘግተው ሄዱ ነው የሚልህ!»

ሬዲዮው ስለ አየር ጠባይ ማውራት ጀምሮ ነበር። ጋሼ ስፒል ጎረሰ።

አይፈረድባቸውም። በነሱ አፍ ገበያ ይቆማል፣ ይደራል፣ ይበተናል እንጂ አይዘጋም። ተዘጋ የሚባለው የታሸገ ቤት ነው፣ ወይም ባለቤቱ የሞተበት። በማግስቱ ጠዋት ሦስቱም ባንኩ ሳይከፈት በሩ ላይ ተገኙ። ዘበኛው ነገሩን ሲሰማ ሳቁን መያዝ አቃተው።

«እናንተስ ማታ ማታ ሱቃችሁን አትዘጉም? ያው ነው። ጠዋት ይከፈታል፣ ሲመሽ ይዘጋል።»

ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ጋሼ እፍረቱን ለመሸፈን ወደ ዘበኛው ሱሪ አመለከተ። «ይህን ነገር አምጣልኝ። ጠርዙን ፈትቼ አረዝምልሃለሁ፤ በነፃ። የራሴን ዘበኛ በአጭር ሱሪ አላቆምም።»

ቃሉን ለመዱት፤ ፍርሃቱን ግን አልለመዱትም። ዋጋው አንድ ቀን ከፍ ሲል ሁለት ቀን ዝቅ እያለ ከገዙበት በታች ወረደ። አከራይዋ የመጣችው በዚህ መሐል ነው። ቆማ ነው የተናገረችው።

«ልሸጣት ነው። ቃሌ ቃል ነው፣ ቅድሚያው ያንተ። ግን እስከ ወሩ መጨረሻ። ከዚያ ካለፈ መጋዘን የሚፈልግ ነጋዴ አለ።»

አሁን ከሸጠ ገንዘቡ ይጎድልበታል። ከጠበቀና የባሰ ከወረደ ክፍሏ ትሄዳለች። ጋሼ ከዚህች ክፍል ውጭ ሠርቶ አያውቅም።

«አትሽጥ፣ ሜትር» አለ ፀጉር አስተካካዩ። «አንዱ ሲሸጥ ሌላው ያያል። ሌላው ከተከተለ ሁላችንም ገደል ነን።»

«እስከ መቼ ልጠብቅ?»

«እስኪነሣ ነዋ።»

«ካልተነሣስ?»

«የወደቀ ሁሉ ይነሣል።»

«አባቴ አልተነሣም» አለ ጋሼ።

«ሟርተኛ!» አለች እትዬ። እሷም ግን ቁልፍ መለየቱን ትታ ነበር።

በዚያ ሳምንት የኮቱን የቀኝ እጅጌ አሳጥሮ ቆረጠው። አባታችን «አሥር ጊዜ ለካ፣ አንድ ጊዜ ቁረጥ» እያለ ነው ያሳደገን፤ ጋሼ እንዲህ ያለ ስሕተት ሲሠራ ሚስቱ አይታ አታውቅም። መቀሱ ጨርቁ ላይ ሳለ ሬዲዮው ዋጋ መናገር ጀምሮ ነበር። ሌላ ጨርቅ እስኪያገኝ ድረስ ለባለ ኮቱ አልነገረውም።

ቀጥሎ አንድ ረቡዕ ጠዋት፣ ጋሼ ብቻውን በባንኩ ሲያልፍ በሩ ተቆልፎ አገኘው። ዘበኛው የለም። መስታወቱ ላይ በእጅ የተጻፈ ወረቀት ተለጥፏል፤ «ተዘግቷል» ይላል፣ ሌላ ቃል የለውም። ወደ ክፍሉ ተመለሰ፤ ስፒሎቹን ጎረሰ። ፀጉር አስተካካዩ ብቅ ብሎ «ምን አዲስ ነገር አለ?» ሲለው፣ ምንም የለም ለማለት ራሱን ነቀነቀለት። እትዬ ክር ልታበድረው መጣች፤ ለሷም ራሱን ነቀነቀ።

ሚስቱ ምሳ ይዛ መጣች። አልበላም፤ አፉ ተይዟል። በሩን ገርበብ አደረገችና፣ «ስፒሉን ትፋና ንገረኝ» አለችው።

አንድ በአንድ እያወጣ ጨርቁ ላይ ሰካቸው። «ባንኩ ተዘጋ» አላት፣ ግድግዳው ስስ ስለሆነ በሹክሹክታ።

«እንደ ሬዲዮው ነው?»

«አይደለም። ይኼ እውነተኛው ነው።»

«ታዲያ ለምን አልነገርካቸውም?»

«ያስገባኋቸው እኔ አይደለሁ? ዛሬን እንኳ ይተኙ።»

እሱ ግን አልተኛም። ጀርባውን ሰጥቷት ጋደም አለ፤ አልጋው ይንቀጠቀጥ ነበር አለችኝ። ብርድ መስሏት ጋቢ ደረበችለት።

ሐሙስ ባንኩ ክፍት ነበር። የውኃ ቧንቧ ፈንድቶ ወለሉ ተጥለቅልቆ ነው፤ ሌላ ምንም አልነበረም። ዘበኛው የቀረውን ውኃ እየጠረገ ነበር፤ ሱሪውን መጠቅለል እንኳ አላስፈለገውም። በሌላ ጊዜ ቢሆን ጋሼ ይህን ሳይቀልድበት አያልፍም። ያን ቀን ግን ውኃውን ተራምዶ ገባና አክሲዮኖቹ በሙሉ እንዲሸጡለት ፈረመ። ሠራተኛዋ «ትንሽ ቢታገሡ ሊሻሻል ይችላል» ብላው ነበር።

«ልጄ፣ ትናንትን ሁለተኛ አልችለውም» አላት።

የጎደለውን ለመሙላት የኤሌክትሪክ የስፌት መኪናውን ሸጠ። በእግር የምትረገጠዋ የአባታችን መኪና ቀረች። ወሩ ሳያልቅ ክፍሏ በስሙ ዞረች። ደውሎ፣ «እታለም፣ የአባባን ቤት ገዛሁ» አለኝ፤ ከዚያ ቀጠል አድርጎ፣ «ፈራሁ እኮ» አለ። ደስ ያለው ሰው ድምፅ አልነበረም። ሁለቱ ጓደኞቹ ገና አልሸጡም፤ እሱም ገና አልነገራቸውም።

የነገራቸው ሰኞ ነው። እትዬ ቁልፎቿን መሰብሰብ ጀመረች። ፀጉር አስተካካዩ ግን ፊቱ ተለዋወጠ። «ፈሪ! እሳቱ ውስጥ ከተትከንና አንተ ወጣህ።»

«ፈሪ ለእናቱ ይሆናል» አለ ጋሼ፣ ለማብረድ።

«እናትህ ሞታለች።»

«እንግዲያስ ለሚስቱ። አንተም ሽጥ፣ ወንድሜ። ኮትህን ነገ እጨርሳለሁ፤ ለብሰህ ትሄዳለህ።»

ፀጉር አስተካካዩ በሩን ወርውሮት ወጣ።

በማግስቱ፣ ማክሰኞ ኅዳር 3፣ ቀትር ላይ ሚስቱ ምሳ ይዛ ስትመጣ፣ ጋሼን ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ አገኘችው። አዲሱን እጅጌ በስፒል ይዞ፣ ገና ሊሰፋው ነበር። ሐኪሙ የገደለው ልቡ ነው አለ። ሚስቱ ፍርሃቱ ነው ትላለች። ሁለቱንም ጽፌያለሁ። ፀጉር አስተካካዩ ኮቱን አልወሰደም፤ ሌላ ሰው ይጨርስልህ ሲሉት አይሆንም አለ። አክሲዮኑንም አልሸጠም። አመሻሽ ላይ ግድግዳው ማዶ ሬዲዮው ይሰማል፤ ተዘጋ ሲል ያጠፋዋል።

ከመሞቱ በፊት ያለውን የነገረኝ ዘበኛው ነው። ማክሰኞ ጠዋት ጋሼ የዘበኛውን ተለዋጭ ሱሪ አርዝሞ፣ አጣጥፎ በክንዱ ይዞ መንገዱን ተሻገረ። ጋሼ አክሲዮኑን እንደሸጠ ዘበኛው አያውቅም ነበር።

«ባለቤቱ ራሳቸው አመጡልኝ!» አለ።

«ግባና ልበሰው» አለው ጋሼ።

ለብሶት ሲወጣ፣ ጋሼ በርከክ ብሎ ጠርዙን ዳር እስከ ዳር በጣቱ አየው። ዘበኛውን አንድ ነገር ሁለት ጊዜ ጠየቅሁት፤ ስፒል አፉ ላይ ነበረ ወይ? አልነበረም አለኝ። ሲያወራ ነበር። ስለ ረጅም ሰው ይቀልድ ነበር።

«አሁን ጫማህን ነካ» አለና ተነሣ፤ ጉልበቱን አራገፈ። ዘበኛው በሩን ከፈተለት። ጋሼ ግን አልገባም፤ እጁን አንሥቶ ተሰናበተውና ወደ ክፍሉ ተሻገረ።