ባለ ዐሥራ ስድስት ቋጠሮው አጥንት

ሰውዳ ቁርጡን ተናግራለች። "ከጋምቤላ ስትመለስ ወይ የድንጋዮችህን ስም ይዘህ ና፣ ወይ ሣጥኑን ባዶውን አምጣልኝ!" ሴትዮዋ ደግሞ ከተናገረች ተናገረች ነው። በሚኖሩባት በአቦቦ ምስጥና ነቀዝ የማይደፍረው ዕቃ ቢኖር ያ የብረት ሣጥን ነበር። የበቆሎ ዘሯ በየዓመቱ ጆንያው ውስጥ ተበልቶ ዱቄት ሲሆን፣ ባሏ ነጂብ ሣጥኑን በድንጋይ ሞልቶ ዐሥር ዓመት ተቀመጠ። የትኛዋ ሚስት ትችለዋለች?

ነጂብ የውኃ ጉድጓድ ቆፋሪ ነው። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ መጥቶ አቦቦ ሲሰፍር ከእጁና ከሙያው በቀር ይዞት የመጣ ነገር የለም። ሙያው አንድ ልማድ አለው፤ ወደ ጉድጓዱ የሚወርድበት ገመድ በየክንዱ ይቋጠራል፣ ጥልቀቱም በቋጠሮ ይቆጠራል። ነጂብ ሲቆፍር ድንጋይ የሆነ አጥንት ካገኘ፣ ካገኘበት ጥልቀት ጋር እኩል የተቋጠረ ሲባጎ ያስርበታል። ፊደል አልቆጠረም፤ ቋጠሮ ላይ ግን የሚያህለው የለም።

ከአጥንቶቹ ሁሉ የሚሳሳላት ጣት የምታህል፣ ሹልና ጠርዟ እንደ መጋዝ ጥርስ ጥርስ ያላት ናት። "የዘንዶ ጥርስ!" ብሎ ለመንደሩ ሁሉ አውጇል። መንደሩም "ባለ ዘንዶው" የሚል ስም አወጣለት። ስሙ እንኳ ብዙም አላስከፋውም። የሚያንገበግበው ራሱም እርግጠኛ አለመሆኑ ነበር።

በሰማንያ ሰባት፣ ጋምቤላ ክልል ተብላ ቢሮ በቢሮ በሆነች ሰሞን፣ ጌዴዎን የሚባል የጥንት አጥንት ዐዋቂ ከአዲስ አበባ መጥቶ በባህል ቢሮ አንድ ቀን እንደሚውል ተሰማ። ነጂብ ሣጥኑን ተሸክሞ በጭነት መኪና ሄደ።

ጌዴዎን ወጣት ነው፤ ሙቀቱ አዝሎታል። ያቺን ባለ ጥርስ አጥንት ገና አንሥቶ ሲያገላብጥ፣ ለሠራተኞቹ ከባሮ ወንዝ ዓሣ የምታመጣው ኛዌች ቅርጫቷን አስቀምጣ በትከሻው አሻግራ አየች።

"ይሄ አምባዛ ነው" አለች።

"ምን?" አለ ነጂብ።

"ዓሣ ነው፣ አባባ። አምባዛ ዓሣ። በዚህ ይወጋል።" አውራ ጣቷ ላይ ያለውን የቆየ ጠባሳ አሳየችው። ከቅርጫቷም አንድ አምባዛ አውጥታ የጎኑን እሾህ ዘረጋችለት። ቁርጥ እሱ!

"ልክ ናት" አለ ጌዴዎን።

ቢሮው በሳቅ ተናጋ። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ይባላል፤ ነጂብ ግን ዘንዶ ሲጎረጉር ዓሣ አወጣ። ዓሣ ቀምሶ የማያውቅ ደገኛ፣ እሾሁን ከምን ይለየው? ፊቱ ጋለ። ሰውዳ ታየችው፤ መንደሩ ታየው። ሣጥኑን ሊዘጋ እጁን ሰደደ።

"ቆይ፣ አባቴ፤ ይሄ ሲባጎ ምንድን ነው?" አለ ጌዴዎን።

"ክንዱ ነዋ። ዐሥራ ስድስት ክንድ ታች ነው ያገኘሁት።"

ጌዴዎን ድካሙን ረሳ። አጥንቶቹን ጠረጴዛው ላይ ደርድሮ ቋጠሮ መቁጠር ያዘ። ነጂብም እያንዳንዱ ከማን ጓሮ እንደወጣ አንድ በአንድ ነገረው። ያቺን ጨምሮ ሦስት የአምባዛ እሾሆች፣ እጅግ ከተራራቁ ሦስት ጉድጓዶች የወጡ፣ ሦስቱም ባለ ዐሥራ ስድስት ቋጠሮ ሆነው ተገኙ።

"ሰው ሁሉ አጥንት ያመጣልኛል" አለ ጌዴዎን። "ከየት ወጣ? ምን ያህል ታች ነበር? ስል ግን መልስ የለም። አንተ ግን የምድሩን ታሪክ አስረህ ነው የመጣኸው። ሦስቱም በአንድ ጥልቀት ከተገኙ፣ ያ ሜዳችሁ ድሮ፣ እጅግ ድሮ፣ ውኃ ተኝቶበት ሳይሆን አይቀርም።" ከዚያም አንዷን እሾህ ለሙዚየም እንዲሰጠው ለመነው።

"ሲባጎው ካልተፈታ" አለ ነጂብ።

"እሱንማ ማን ይፈታዋል!"

ማምሻውን አቦቦ ሲደርስ ሰውዳ ደጃፍ ላይ ጠበቀችው። "እሺ፣ ምንድን ነው?"

"ዓሣ።"

እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ነጂብ ጌዴዎን ጽፎ የሰጠውን ወረቀት አቀበላት። እሷ በመሠረተ ትምህርት ፊደል ለይታለች፤ እየተንተባተበች ጮክ ብላ አነበበች። "አግኚው፦ ነጂብ ይማም። ቦታው፦ አቦቦ፣ መንደር ዐሥራ ሦስት። ጥልቀቱ፦ ዐሥራ ስድስት ክንድ።" ሳቋ ቆመ። የባሏን ስም በጣቷ ተከትላ ደግማ አነበበችው። ነጂብ በዚያች ሰዓት ደረቱ ልብሱ ውስጥ አልበቃ አለው።

በማግስቱ የበቆሎ ዘሯን ከምድጃው በላይ፣ ነቀዝ እንዳይደፍረው ጭሱ በሚደርስበት ጣሪያ ሥር ሰቀለችው። ሣጥኑን ግን መሐል ቤት አወጣችው። ጎረቤቶች "ዘንዶው እንዴት ሆነ?" እያሉ ሊያሾፉ ሲመጡ ነጂብ አፉን ሳይከፍት እሷ ቀደመች።

"ዘንዶ የለም፤ ዓሣ ነው" አለች ከቀሩት እሾሆች የአንዱን ሲባጎ እያቀበለቻቸው። "ይኸው፣ ቁጠሩት!"